ሸመገለ ያላችሁት ራፐር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ ፒያሳ ሙዚቃ እየጫንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ድሮ ካሴት፣ ቀጥሎ ሲዲ፣ አሁን ፍላሽና ሚሞሪ። ባለፈው ሰሞን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ውስጥ ለሦስት ሆነን አነበብነው። ጸሐፊው አሜሪካዊው ራፐር ጄይ ዚ «4:44» የሚለው አልበሙ ላይ ሸምግሏል፣ ራፕ ደግሞ የጎረምሳ ነገር ነው ብለው ዘጉት። አልዋጥልኝ አለ።

አልበሙ የወጣው ሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። ሰውየው 47 ዓመቱ ነበር። 10 ዘፈን፣ 36 ደቂቃ ብቻ። ከደሴ የተነሳ ሚኒባስ ሐረጎን ተጠማዞ ኮምቦልቻ እስኪገባ ያልቃል። ስሙን ያገኘው ከእንቅልፉ ነቅቶ የርዕሱን ዘፈን ከጻፈበት ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ44። ደሴ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚነሳ ሰው ወይ ለሱብሂ ነው ወይ ለኪዳን። እሱ የተነሳው ሚስቱን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።

ከጸሐፊው የምለየውም እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ባል ሲያጠፋ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ይመጣሉ፣ ጥፋቱን አለስልሰው ይናገራሉ፣ የሰይጣን ሥራ ነው ይላሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ይታረቃል። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ከመቀመጥ በቀር አንድ ቃል ላይተነፍስ ይችላል። ጄይ ዚ ሽማግሌ አልላከም። በሰይጣንም አላሳበበም። መበደሉን በራሱ አፍ ተናገረ፣ ልጆቼ ይህን ቢያውቁ ምን ይውጠኛል ብሎም ፈራ። ታዲያ ሸመገለ ነው ወይስ ሽማግሌ አላስፈልግ አለው? እርግጥ ጉራው ጨርሶ አልለቀቀውም። ግራሚ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ላይም በ8 ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ይህን ጸሐፊው ቢጠቅሱት ይጠቅማቸው ነበር።

የማውቀው ባጃጅ ነጂ አለ። እንግሊዝኛው እስከዚህም ነው፣ የእኔም ከእሱ ብዙ አይሻል። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ቀዘቀዘብኝ፣ የድሮውን መልስልኝ» ብሎ ፍላሹን ይዞ መጣ። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ አንዱን ቦታ ተረጎምኩለት፤ በ2 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲችል ያለፈው የብሩክሊን ሕንፃ 25 ሚሊዮን ገባ ብሎ የሚቆጭበትን። ልጁ ሞተሩን አጠፋ። ትንሽ ዝም አለና «አባቴ ኮምቦልቻ የሸጣት ጭቃ ቤት…» ብሎ ጀመረ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው አልበሙ በወጣበት በዚያው ክረምት ነው። አባትየው ቤቷን የሸጡት ከዚያ ቀደም ብለው ነው። በስንት እንደሸጧት አልጽፍም፣ ያማል። ልጁ የድሮውን ሳያስመልስ ሄደ።

እኔን የሚያሳስቡኝ ግን የእኛው ልጆች ናቸው። ከደሴም ከኮምቦልቻም ራፕ የሚሞክሩ ልጆች ሥራቸውን እንድሰማላቸው ያመጡልኛል። ሃያ አምስት ሲሞላቸው «በሰልን» ይላሉ። መብሰል ለእነሱ ምን መሰላችሁ? ቢቱን ማዘግየት፣ ማሲንቆ ጣል ማድረግ፣ ከዚያ «ወጣቱ ሆይ» ብሎ መምከር። ሱስ ክፉ ነው፣ ስደት ክፉ ነው፣ ተባበሩ። ልጁ ራሱ ዘፈኑ ውስጥ የለም። ምክርማ ስብሰባም ላይ ሞልቷል፣ ያውም ከነአበሉ።

ማሲንቆውን ጠልቼ አይደለም። የ«4:44» ፕሮዲውሰር ኖ አይዲም የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የኒና ሲሞንን የድሮ ድምፅ ቆርጦ ከስር አስገብቷል። የእኛ ልጆች አምባሰልና ባቲ የሚባሉ፣ በገዛ አገራቸው ስም የተጠሩ ቅኝቶች አሏቸው። መንዙማ እየሰሙ ነው ያደጉት፤ ድቤ ላይ ቃል እንዴት እንደሚጫን አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። ቅኝቱ ስለከበደ ግን ግጥሙ አይከብድም።

በቀደም አንዱ ሁለት ዘፈን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ያው የለመድነው ምክር ነው፣ ሳልጨርሰው አቋረጥኩት። ሁለተኛውን ሊያሰማኝ አልፈለገም ነበር። እናቱ ሰኞ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። የዕቁብ ብሯን ለዳኛው አድርስልኝ ስትለው ቤቲንግ ቤት አድርሶታል። አንዴ አይደለም፣ አምስት ሳምንት። ዘፈኑ ውስጥ የእያንዳንዱን ሳምንት ብርና የተሸነፈበትን ጨዋታ እየቆጠረ ይናዘዛል። ድምፁ ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። ላስተካክለው ሲል ተው አልኩት።

«ጋሼ፣ እማዬ ሳትሰማው ለማንም እንዳትጭንብኝ» አለኝ።

ይሄው ሦስት ሳምንት ሆነው። ፍላሹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በሱቄ በር ባለፈ ቁጥር ገና መሆኑን በእጁ ምልክት ያሳየኛል።

አንባቢያችሁ፣
ከደሴ ፒያሳ