ዩኒቨርሲቲው ዝም ሲል ባለ ዲግሪዋን አትቅጧት

ይድረስ፦ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ለምትገመግሙና የሙያ ፈቃድ ለምትሰጡ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣ በየትኛውም አገር ብትሆኑ

ጉዳዩ፦ የተማረበት ተቋም መልስ ስላልሰጠ ብቻ ፋይሉ ስለሚዘጋበት ሰው

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አገር ቀይረው የመጡ ሰዎች የትምህርት ማስረጃቸውን ሲያስገመግሙ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ፎርም እሞላለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ኢሜይል እልካለሁ። መተዳደሪያዬ አይደለም። ቋንቋው ትንሽ ስለሚቀለኝ ሰው ይጠራኛል፣ እኔም እሄዳለሁ። ነርሶች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራን፣ የሂሳብ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። ብዙዎቹ ተሳክቶላቸዋል። ዘግይቶም ቢሆን ወረቀታቸው ደርሶ፣ የአቻ ግምት ተሰጥቷቸው ሥራ ወይም ትምህርት ጀምረዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እነሱ አይደለም። የምጽፈው ዲግሪው በእጃቸው እያለ፣ ያስተማራቸው ተቋም ለእናንተ መልስ ስላልሰጠ ብቻ እንዳልተማሩ ስለሚቆጠሩት ነው።

አሠራሩን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ደብዳቤውን የሚያነብ ሌላ ሰው እንዲገባው ግን ባጭሩ ልናገር። አመልካቹ ክፍያ ይከፍላል፣ የፋይል ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ የተማረበት ተቋም ሬጅስትራር ትራንስክሪፕቱን ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ መዝጊያው ላይ ማኅተም አሳርፎ፣ በቀጥታ ለእናንተ መላክ አለበት። ወይም ከተቋሙ ኦፊሴላዊ ኢሜይል ይመጣል። አመልካቹ በመሀል እጁን ካስገባበት አይሠራም። ዋናውን ዲግሪ ይዞ መስኮታችሁ ላይ ቢቆም እንኳ መልሱ «ከተቋሙ ይምጣ» ነው።

ምክንያታችሁ ይገባኛል፣ እደግፈዋለሁም። ፎርጅድ ዲግሪ አለ። ክፍልም መምህርም ሳይኖራቸው ለከፈለ ሁሉ ዲግሪ የሚያትሙ ተቋማት አሉ። የሐኪም ወይም የነርስ ወረቀት ሲሆን ደግሞ ነገሩ የሰው ሕይወት ነው። አፖስቲል የተለጠፈበት ወረቀት በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው። አፖስቲል በ1961 በተፈረመው የሄግ ስምምነት የመጣ ማረጋገጫ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የሚያረጋግጠውም ፊርማውና ማኅተሙ የትክክለኛው ባለሥልጣን መሆናቸውን እንጂ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ውጤት እውነት መሆኑን አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ከፍሎ ያስለጥፍና በኋላ «ይህ አይበቃም» ሲባል ክው ይላል። ድረ ገጻችሁ ላይ በአንድ መስመር ብትጽፉት የስንቱን ሰው ገንዘብና ጊዜ ታድኑ ነበር።

እና ከተቋሙ ይምጣ ማለታችሁ ልክ ነው። ተቋሙ መልስ ካልሰጠስ? ጥያቄዬ እዚህ ጋ ነው።

ስለ አንዲት አዋላጅ ነርስ ልንገራችሁ። ስሟንም ኮሌጇንም አልጠራም። ተመርቃ እንደወጣች ማዋለጃ ክፍል ገብታ ለዓመታት ሠራች። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ከተማው ባዶ ሆነ። ከቤት ስትወጣ ዲግሪዋንና ትራንስክሪፕቷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከልብሷ ጋር ይዛ ነው የወጣችው። በደረሰችበት አገር ገምጋሚው መሥሪያ ቤት «ከኮሌጁ በታሸገ ፖስታ» አላት። ለሬጅስትራሩ ጻፈች፤ ኢሜይሉ አልደረሰም ተብሎ ተመለሰ። ስልክ ደወለች፤ አይነሳም። በመጨረሻ አብሯት የተማረ ልጅ በአካል ሄዶ አየላት። የሬጅስትራሩ ክፍል በር ተነቅሏል። የመዝገብ ሳጥኖቹ ወለሉ ላይ ተገልብጠዋል፣ ዝናብ ገብቶባቸው ወረቀቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከላት።

ፎቶውን ከማብራሪያ ደብዳቤ ጋር ላክን። የመጣው መልስ «የሚፈለገው ሰነድ አልደረሰንም» የሚል ነበር። ፖርታሉ ላይም ያው ጽሑፍ ነው፦ «ሰነድ ይጠበቃል»። የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ፋይሉ ተዘጋ። ለማስከፈት ሌላ ክፍያ ተጠየቀ። በዚህ መሀል የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቷ ሁለት ዓመት ሞልቶት አገልግሎቱ አበቃ፤ እሱንም እንደገና ከፍላ ተፈተነች። አሁን አረጋውያንን ትንከባከባለች። ክቡር ሥራ ነው፣ በፍቅርም ትሠራዋለች። ግን ይህች ሴት ስንት እናት በሰላም ያገላገለች አዋላጅ ናት። ያላት እውቀት አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ሰው ሊጠብቀው ይገባ የነበረ መዝገብ ነው።

ደግሞ ጦርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮሌጁ ይዘጋል፣ መዝገቡን ማን እንደተረከበ የሚያውቅ ይጠፋል። ዩኒቨርሲቲዎች ይዋሃዳሉ፣ ስም ይቀይራሉ። ሬጅስትራሩ «ባለቤቱ በአካል ካልመጣ አንሰጥም» ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሌላ አህጉር ነው። ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ከአገሩ መንግሥት ሸሽቶ የወጣው ሰው ነገር ነው። ይህን ሰው ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ጻፍ ማለት ያለበትን ቦታ ተናገር ማለት ነው፣ እዚያ የቀሩ ቤተሰቦቹንም ለአደጋ ማጋለጥ ሊሆን ይችላል። ፎርማችሁ ላይ ለዚህ ሰው የሚሆን ሳጥን የለም። «ተቋሙን አነጋግረዋል?» ይላል፣ «አዎ» ወይም «አይደለም»። ለምን እንዳላነጋገረ የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ዝም ብለን እንመን?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የምጠይቀው አዲስ ነገር እንድትፈጥሩ አይደለም። በ1997 የአውሮፓ ምክር ቤትና ዩኔስኮ ሊዝበን ላይ ያጸደቁት የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች እውቅና ስምምነት መልሱን ይዟል። አመልካቹ መረጃ የማቅረብ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል፣ ልክ ነው። ግን የተማረበት ተቋምም ሲጠየቅ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። ማስረጃው መሥፈርቱን አያሟላም የሚባል ከሆነ ይህን የማሳየት ኃላፊነቱ የገምጋሚው ነው። ውሳኔው ምክንያታዊ በሆነ ጊዜ ይሰጥ፣ ክልከላ ከሆነ ምክንያቱ ይገለጽ፣ አመልካቹም ይግባኝ ማለት ይችል ይላል። ክፍል 7 ደግሞ ስለ ስደተኞችና ተፈናቃዮች ብቻ የተጻፈ ነው፤ ማስረጃቸውን በሰነድ ማረጋገጥ ባይችሉ እንኳ በፍትሐዊነትና በፍጥነት የሚገመገሙበት መንገድ እንዲዘጋጅ ያዛል። በ2010 የተሻሻለው የስምምነቱ የአፈጻጸም ምክረ ሐሳብ ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ከአራት ወር እንዳይበልጥ ይላል።

ይህ የአውሮፓ ነገር ነው የሚል ካለ፣ በ2014 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አገሮች ስምምነት አለ፣ በ2019 ሥራ ላይ ውሏል። ዩኔስኮ በ2019 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከመጋቢት 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ እሱም ስለ ስደተኞችና ተፈናቃዮች ማስረጃ የራሱ ክፍል አለው። አገራችሁ ከእነዚህ አንዱን ፈርማ ሊሆን ይችላል። ፈርማ ከሆነ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ያውቀዋል ወይ? እኔ ያነጋገርኳቸው አያውቁም ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። በእጃቸው ያለው የሰነድ ዝርዝር ብቻ ነው፣ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሰው ሲመጣ የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

በተግባርም ተሠርቷል። የአውሮፓ ምክር ቤት ከ2017 ጀምሮ ለስደተኞች የብቃት ፓስፖርት የሚባል አሠራር አለው። ሰውየው በእጁ ያለውን ሰነድ ሁሉ ያቀርባል፣ ረጅም መጠይቅ ይሞላል፣ ከዚያ ሙያው የሆኑ ገምጋሚዎች ቁጭ ብለው ቃለ መጠይቅ ያደርጉለታል። በየትኛው ዓመት ምን ኮርስ ወሰድክ? የመመረቂያ ጽሑፍህ በምን ላይ ነበር? ፈተናው እንዴት ነበር የሚሰጠው? የትምህርት ሥርዓቱን የሚያውቅ ገምጋሚ ያልተማረን ሰው በዚህ ይለየዋል። ማኅተም ይቀረጻል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ዓመት መኖርን ግን ከሚያውቅ ሰው ፊት ቀርቦ መፈልሰፍ ቀላል አይደለም። የሚሰጠው ወረቀት ለአምስት ዓመት ያገለግላል። የሙያ ፈቃድ አይደለም፣ ሙሉ እውቅናም አይደለም፣ ይህን ራሱ ወረቀቱ ይናገራል። ግን ሰውየው ባዶ እጁን ከመቆም ይድናል።

ጀርመንም ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ የጸና የእውቅና ሕግ አላት። ሕጉ በሚመለከታቸው ብዙ ሙያዎች፣ አመልካቹ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ሰነድ ካጣ፣ ብቃቱ በሙያ ውይይት ወይም ሠርቶ በማሳየት ሊመዘን ይችላል። ኤሌክትሪሺያን ከሆነ መስመር ዘርግቶ ያሳያል። በእኔ እይታ ይህ ከማኅተም ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

ፈቃድ ሰጪዎቹን በተለይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አዋላጇ የጠየቀቻችሁ ፈቃድ እኮ አይደለም፣ ለፈተና መቀመጥ ነው። የጽሑፍ ፈተና አላችሁ፣ የተግባር ፈተና አላችሁ፣ ከዚያም በኋላ በሌላ ባለሙያ ሥር ሆና የምትሠራበት የክትትል ጊዜ አላችሁ። እነዚህ ሁሉ ማጣሪያዎች እያሉ በሩ ላይ የምታስቀሯት አንድ ፖስታ ስላልመጣ ነው። ለመፈተን መፍቀድ በሽተኛን ለአደጋ አያጋልጥም። ካላወቀች ትወድቃለች፣ ነገሩም እዚያ ያበቃል።

የስም ነገርም አለ፣ ቶሎ ልለፈው። ፊደሉ ላቲን ያልሆነ ሰው ስሙ በላቲን ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። መሐመድ የሚለው ስም ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ታውቃላችሁ። ዲግሪው ላይ በአንድ «ኤም»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤም» ስለተጻፈ ብቻ ፋይል ሲመለስ አይቻለሁ። የተለየ የዘመን አቆጣጠር ባለበት አገር የተማረ ሰውም የምረቃ ዓመቱ ከሥራ ልምድ ወረቀቱ ጋር አልገጠመም ተብሎ ይጠረጠራል። እነዚህን ሠራተኞቻችሁን በአንድ ቀን ሥልጠና ልታስተምሯቸው ትችላላችሁ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ተቋማት መዝገባቸውን በኦንላይን ቢያደርጉ ኖሮ ግማሹ ችግር አይኖርም ነበር። ቻይና ውስጥ የተመረቀ ሰው ማስረጃው በማዕከላዊ ድረ ገጽ ይረጋገጣል። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ማይ ኢኳልስ በሚባል የጋራ መድረክ ዲጂታል ሰነድ ይሰጣሉ፤ ተመራቂው ሊንኩን ይልካል፣ ተቀባዩ ከፍቶ ያያል። ፖስታ የለም፣ መለመን የለም። ግን ይህ ዕድል ያለው የተረጋጋና አቅም ያለው አገር የተማረ ሰው ነው። እናንተ ጋ መጥቶ የሚቸገረው ሌላው ነው፤ አሠራራችሁ ደግሞ የተሠራው ሁሉም ሬጅስትራር በሰዓቱ ኢሜይል ይመልሳል በሚል ግምት ነው።

እና የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አመልካቹ ተቋሙን ጠይቆ መልስ ካጣ፣ እናንተ ራሳችሁ በመሥሪያ ቤቱ ስም ጻፉ። ለግለሰብ የማይመልስ ሬጅስትራር ለመንግሥት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ሰውየው ስሙ ወደ አገሩ እንዳይላክ ከጠየቀ ደግሞ አትጻፉ፣ ቃሉን ተቀበሉት። ቁርጥ ያለ ቀን አስቀምጡ። ያ ቀን ካለፈ ፋይሉን ከመዝጋት ይልቅ ወደ ቃለ መጠይቅ፣ ወደ ፈተና ወይም ሠርቶ ወደ ማሳየት አሸጋግሩት። በመሀል የሚያልፉ ነገሮችን፣ የቋንቋ ፈተናውንም ጨምሮ፣ ማመልከቻው በገባበት ቀን ቁጠሩለት፤ የዘገየው እሱ አይደለምና። ድጋሚ አታስከፍሉት። እምቢ ካላችሁም ምክንያቱን የኮርሱን ስም ጠቅሳችሁ፣ የጎደለውን ነገር ለይታችሁ ጻፉለት፤ «መሥፈርቱን አያሟላም» የሚል አንድ መስመር ይዞ ሰው ይግባኝ ማለት አይችልም።

ሕግ እስኪሻሻል የማይጠብቅ ነገርም አለ። ፖርታላችሁ ውስጥ «ሰነድ ይጠበቃል» የሚል ምልክት ተደርጎባቸው የቆሙ ፋይሎችን በዚህ ሳምንት አስወጧቸው። ከመካከላቸው ተቋማቸው የተዘጋ፣ የተቃጠለ ወይም ጦርነት ያለበት ቦታ የሆኑትን ለዩ። ለእያንዳንዳቸው ደውሉና በእጃቸው ያለውን ሁሉ ይዘው የሚቀርቡበትን ቀን ስጧቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ፎርም ሲሞላ አጠገብ ከሚቀመጥ ሰው