ስለ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት

ለአዘጋጁ፦

እዚህ ጎንደር በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለሁለተኛ ዲግሪ ከሚመዘገቡት ብዙዎቹ ሥራው ልቦለድ አንብቦ አስተያየት መስጠት ይመስላቸዋል። ንባቡስ ቀላሉ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ነው። «ሴቶች በአፍሪካ ልቦለድ» ለሚል ርእስ ዕድሜ ልክ አይበቃም። «በዳኛቸው ወርቁ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ‹ዘ ሰርቲንዝ ሰን› (1973 እ.ኤ.አ.) የዝቋላው ጉዞ የአባትና የልጁን ልዩነት እንዴት ያሳያል?» የሚለው ግን በአንድ ዓመት ያልቃል። መጽሐፉ ቢያንስ 3 ጊዜ ይነበብ፦ መጀመሪያ ለታሪኩ፣ ቀጥሎ እርሳስ ተይዞ፣ በመጨረሻ ለጥያቄው ብቻ። ጥቅስ ሲገለበጥ የገጽ ቁጥሩ እዚያው ይጻፍ፤ እትሙም አንድ ይሁን። ከኢንተርኔት የወረደው ቅጂና የታተመው ገጻቸው ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም፣ ጽሑፉ ሊቀርብ ሳምንት ሲቀረው ጥቅስ ፍለጋ መንከራተት ይመጣል።

ንድፈ ሐሳቡን፣ ማለት መጽሐፉ የሚተነተንበትን መነጽር፣ አስቀድሞ መርጦ መጽሐፉን በግድ እዚያ ውስጥ ማስገባትም ሌላው በሽታ ነው። ታሪኩን እንደገና መተረክ ደግሞ ገጽ ይሞላል እንጂ ትንታኔ አይሆንም፤ ፈታኞቹ መጽሐፉን አንብበውታል! ከጥቅሱ በኋላ ስለ ቃላት ምርጫው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ጥቅሱ ጌጥ ነው። ረቂቁም ተጠራቅሞ ሳይሆን ምዕራፍ በምዕራፍ ለአማካሪው ይሰጥ።

አንባቢዎች፣ ከጎንደር