ነሐሴ ላይ ና

ጌትዬ ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳልጽፍልህ መቅረቴ ሲቆጨኝ ነው የከረመው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ከብዶኝ ነበር። ስትደውል ያላነሳሁትም ለዚያ ነው። ይቅር በለኝ።

ባሕር ዳር ላይ የሚከራይ ጂ+2 ልትገዛ መሆኑን ከእህትህ ሰማሁ። ደላላው ሐይቁ ዳር ያለውን አሳይቶሃል አሉ። እባክህ ተወው። እኔ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቤት ሦስት ክረምት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። እዚያ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ነው። ግድግዳው እርጥበቱን ከሥር እየሳበ ቀለሙ እስከ ጉልበት ድረስ እንደ ሽንኩርት ይላጣል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድም ቶሎ ቶሎ ስለሚሞላ ክረምቱን ሙሉ መጣጭ መኪና መጥራት ነው። አልጋ ሥር ያስቀመጥኩት ሻንጣ ሻግቶ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፔዳ ግቢ በር ላይ የተነሳነው ፎቶ ላይ ያንተ ፊት ብቻ ቀርቷል። ሰኔ በገባ ቁጥር ሌላ ቤት እፈልግ ነበር።

እኔ ብሆን አባይ ማዶን አያለሁ። ድሮ አሮጌው ድልድይ ላይ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ እግረኛው ሲጋፋ ሰው እዚያ ማዶ መከራየት ይታክተው ነበር። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቆ ያ ችግር ቀለለ። ሌላው ወደ አዴት መውጫ፣ የጥበበ ጊዮን ሆስፒታል መስመር ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ቅርብ ቤት ትፈልጋለች፣ ከተመቻትም ክረምት ከበጋ አትለቅም። ፔዳ አካባቢ ተከራይ አይጠፋም፣ ግን ትምህርት ሲዘጋ ክፍሉ ባዶውን ይከርማል።

ካርታውን በዓይንህ ሳታይ ደግሞ ቀብድ እንዳትሰጥ። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የምትገዛው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው? ኪራይ በየጊዜው እየጨመርኩ ብድሬን እከፍላለሁ ብለህም አታስላ፤ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲሆን ያዛል፣ ጭማሪውም እንዳሻህ አይደለም።

ገንዘቡን ስንት ዓመት እንደለፋህበት አውቃለሁ። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ና። ዝናቡ ባባራ ማግሥት በእግራችን እንዞራለን፣ የየቤቱን ግድግዳ ሥር በእጅህ ትዳብሳለህ። ሆቴል እንዳትይዝ። አሁን ያለሁት እናቴ ቤት ነው፣ የእሷ ክፍል እንደተነጠፈ ነው ያለው።

ወንድምህ