«መርፌው ጨጓራ አይነካም» የሚለው አባባል ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በምሠራበት መድኃኒት ቤት ሰሞኑን አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የሐኪም ማዘዣ ፈትተው ሰጡኝ። ለጉልበት ሕመማቸው የታዘዘላቸው የዳይክሎፌናክ መርፌ ነበር። «ክኒኑ ጨጓራዬን ሲያቃጥለኝ ጊዜ መርፌው ይሻልዎታል አሉኝ፤ ሆድ ውስጥ አይገባማ» አሉኝ። ይህን አባባል ከሕመምተኛም ከባለሙያም ስለምሰማ፣ ለምን ስሕተት እንደሆነ ለአንባቢዎችዎ ማስረዳት እወዳለሁ።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሡት ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ሥራ በማገድ ነው። ኢንዛይሙ አራኪዶኒክ አሲድ ከሚባል ቅባት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች እንዲሠሩ ያደርጋል፤ እብጠትን፣ ትኩሳትንና ሕመምን የሚያባብሱትም እነዚሁ ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪን በዚህ መንገድ እንደሚሠራ በ1971 እ.ኤ.አ. አሳይተው፣ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ይሁን እንጂ ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጋርደው ዝልግልግ ልባስ እንዲመነጭና የግድግዳው የደም ዝውውር እንዲጠበቅ የሚያደርጉትም ፕሮስታግላንዲኖች ናቸው። ይህን ጥበቃ በዋናነት የሚያከናውነው የኢንዛይሙ አንደኛው ዓይነት ሲሆን፣ ሁለተኛው በአመዛኙ ብግነት ባለበት ቦታ ይበዛል፤ ዳይክሎፌናክ ግን ሁለቱንም ያግዳል።

ስለዚህ መድኃኒቱ ቢዋጥም ቢወጋም ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ጨጓራ መድረሱ አይቀርም። ክኒኑ ግድግዳውን በቀጥታ የሚቆጠቁጥበት ጊዜ አለ፤ ከባዱ ጉዳት ግን ጋሻው ሲሳሳ የሚመጣው ቁስለትና መድማት ነው፤ ይህም ምንም የማቃጠል ስሜት ሳይቀድመው ሊከሠት ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ መርፌው ማቃጠሉን አስቀርቶ ሰውን ማዘናጋቱ ነው። ኩላሊትም የደም ፍሰቱን ለመጠበቅ በዚሁ ኢንዛይም ስለሚረዳ፣ በዕድሜ የገፉና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ለእኚያ እናት ያዘዙላቸውን ባለሙያ ደውዬ ካነጋገርኩ በኋላ፣ መርፌው በፓራሲታሞልና በሚቀባ ዳይክሎፌናክ ተለወጠላቸው፤ ከቅባቱ ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ነውና። የሥራ ባልደረቦቼ መርፌ ከማዘዛቸውም ሆነ ከመውጋታቸው በፊት «ከዚህ ቀደም የጨጓራ ቁስለት ነበረብዎት? ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?» ብለው እንዲጠይቁ፣ የጋዜጣዎ የጤና ዓምድም ለጉዳዩ ቦታ እንዲሰጠው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ