ክታብ ሳይሆን የባሩድ ጉርሻ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር በባህል ገጻችሁ ላይ በደቡብ ወሎ ከአንድ ቤተሰብ ቤት የተነሣ ፎቶግራፍ አውጥታችሁ ነበር። ፎቶግራፉ ከትከሻ እስከ ወገብ በሚወርድ ጠፍር ላይ ጎን ለጎን የተሰኩ፣ ከአመልካች ጣት ብዙም የማይበልጡ የመቃ ቀሰሞችን ያሳያል፤ ከግርጌውም «ጥንታዊ የክታብ መያዣ» የሚል መግለጫ ተጽፎበታል። መግለጫው የተሳሳተ መሆኑንና ስህተቱም በዝምታ የሚታለፍ አለመሆኑን በአክብሮት ለማስታወቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዕቃው ከአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ አስቀድሞ ተለክቶ የተዘጋጀ ባሩድ መያዣ ነው።

በእርግጥ በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ክታብ ስለሚያስር፣ በጠፍር ላይ የተደረደረ ትንሽ ነገር ያየ ሰው ሐሳቡ መጀመሪያ ወደዚያ ቢሄድ አይፈረድበትም። ነገር ግን ክታብ አንድ ጊዜ በቆዳ ከተሰፋ በኋላ አይከፈትም፤ የእነዚህ ቀሰሞች አፍ ግን በእንጨት ውታፍ የተደፈነ ነው። ውታፉን ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ደግሞ ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። አዳኙ በአንድ እጁ ጠመንጃውን፣ በሌላው ቀሰሙን ስለሚይዝ፣ ውታፉን የሚነቅለው በጥርሱ ነበርና ነው። ክታቡን በጥርሱ የሚነክስ ሰው በወሎም ሆነ በሌላ አገር እስካሁን አልሰማሁም።

ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው የዚያው ዓይነት ጠፍር በቤታችን ስላለ ነው። ባለቤቱ የነበሩት ቅድመ አያቴ የወረኢሉ ሰው ሲሆኑ፣ በበጋ ከባቲ ወዲያ ወዳለው ቆላ እየወረዱ ያድኑ እንደነበር አያቴ ይነግሩን ነበር። ጠፍሩ የ14 ቀሰሞች ቦታ ያለው ሲሆን ዛሬ የቀሩት 11 ናቸው። ዘጠኙ ከወንዝ ዳር መቃ፣ ሁለቱ ደግሞ ከድኩላ ቀንድ ጫፍ የተሠሩ ናቸው። የመቃዎቹ አሠራር ቀላል ቢመስልም የታሰበበት ነው፤ መቃው የሚቆረጠው ከአንጓው በታች ስለሆነ አንጓው ራሱ የቀሰሙ ቂጥ ይሆናል፣ ስለዚህ ባሩዱ ሊያፈስስበት የሚችለው መንገድ አንድ አፍ ብቻ ነው። ውጩ እርጥበት እንዳያስገባ በሰም ታሽቷል፤ ባሩድ እርጥበት ከሳበ አይነድምና። በሁሉም ላይ አንዲት የብረት ቅንጣት የለችም። ብረት ከብረት ወይም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ፍንጣሪ እንደሚያወጣ ባልጩትና ብረት እያጋጨ እሳት ይጭር ለነበረ ሰው ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር።

አያቴ እነዚህን ቀሰሞች «ጉርሻ» ይሏቸው ነበር፤ ጠመንጃ ይጎርሳል እንላለንና ስሙ ቦታውን ያገኘ ነው። አንዱ ቀሰም ለአንድ ተኩስ የሚበቃውን ባሩድ ብቻ ይይዛል። አዳኙ ውታፉን ነቅሎ ባሩዱን በአፈሙዙ ይገለብጣል፣ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስከትላል፣ በዘንግ ጠቅጥቆ ያወርዳል፣ ከዚያም በኋላ ማቀጣጠያውን ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ እስኪሆን አውሬው ቆሞ አይጠብቅም። አባቶቻችን የዘገየውን ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያሉ የቀለዱበት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጉርሻውን ቤት ለክቶ መምጣትም ቢያንስ ከዚህ መጠበቅ ጥቂቱን ይቀንሳል።

ይሁንና ከፍጥነቱ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለው። አንድ ጊዜ በተተኮሰ ጠመንጃ ውስጥ ያልጠፋ ፍም ሊቀር ይችላል። ሰውየው ቀጣዩን ባሩድ በቀጥታ ከትልቁ የባሩድ ቀንድ ወደ አፈሙዙ ቢያንቆረቁር፣ ያ ፍም እሳቱን ወደ ላይ ወስዶ በእጁ ያለውን ቀንድ ሙሉውን ሊያፈነዳው ይችላል። በቀሰም የተለካው ግን ቢነድም የሚነደው የአንድ ተኩስ ያህሉ ነው፤ እጅን ያቃጥል ይሆናል እንጂ እጅን ከክንድ አይለይም። በዚህ ምክንያት ዛሬም በአሜሪካ ከአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ የሚያድኑ ሰዎች ከባሩድ ዕቃው በቀጥታ ወደ ጠመንጃው መገልበጥን እንደ ትልቅ ጥፋት ይቆጥሩታል። እነርሱም መያዣውን ብዙ ጊዜ በየቤታቸው ይሠሩታል፤ ያለቀ የፎቶ ፊልም ቆርቆሮ፣ የክኒን ብልቃጥ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከቀንድ ወይም ከአጥንት የተቦረቦረ ቀሰም ይጠቀማሉ። ድሮ በአውሮፓ የነበሩ ወታደሮችም በደረታቸው ላይ የእንጨት ጠርሙሶችን በጠፍር አንጠልጥለው ይዘምቱ ነበር፤ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ 12 ስለነበር «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። የካውካሰስ ተራራ ሰዎች በባህል ልብሳቸው ደረት ላይ ዛሬ ለጌጥ ብቻ የሚሰኳቸው ቀሰሞችም መነሻቸው ይኸው የባሩድ ልክ ነው።

መለኪያነቱን ለማረጋገጥ ያደረግሁትን ላስረዳ። ቀሰሞቹን በውኃ መለካት መቃውን ያበላሸዋል ብዬ ስለፈራሁ ጤፍ ተጠቀምኩ። እያንዳንዱን በጤፍ ሞልቼ፣ ጤፉን መልሼ በመድኃኒት ቤት ስሪንጅ ውስጥ ገለበጥሁት። ሁለቱ ስለተሰነጠቁ ተዘለሉ፤ የቀሩት ዘጠኙ ከ5.4 እስከ 6.1 ሚሊ ሊትር ያዙ። መቃ በተፈጥሮው ውፍረቱ የተለያየ ስለሆነ ሰውየው ቀጭኑን ረዘም፣ ወፍራሙን አጠር አድርገው ቆርጠው ነው እዚህ ልክ ላይ ያደረሱት፤ ቀንዶቹንም እንዲሁ ከመቃዎቹ ጋር እስኪተካከሉ ቦርቡረዋቸዋል። ርዝመታቸው የማይመሳሰለው፣ ምናልባትም የእናንተን ጸሐፊ ያሳሳተው፣ በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር ባሩድ አንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ግራም አካባቢ ስለሚመዝን፣ አንዱ ጉርሻ ስድስት ግራም ገደማ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በውጭ አገር ያሉት አዳኞች በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ግሬይን ይጠቀማሉ፤ ይህም በግራም ከ4 እስከ 6.5 ይሆናል። ሚዛን አይተው የማያውቁት የወረኢሉ ሰው የደረሱበት ልክ ከዚህ ውስጥ መውደቁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ሙሉ አስደስቶኛል።

ይህ ልክ የሚያገለግለው ደግሞ ለአንድ የታወቀ ጠመንጃ ነው። በዚያን ዘመን ወደ አገራችን የገቡት ጠመንጃዎች የተለያየ ስፋት ስለነበራቸው ባለቤቱ የራሱን ጠመንጃ ጠባይ በተኩስ እያጠና ጉርሻውን ይወስን ነበር። ስለዚህ ጠፍሩን ከጠመንጃውና ከባሩድ ቀንዱ ለይቶ መሸጥ፣ እንደምንሰማው አንዱን ለቱሪስት፣ ሌላውን ለአንጥረኛ መስጠት፣ ቁልፍን ከጓጉንቸሩ እንደመለየት ነው። መቅደላ የወጣ ጎብኚ ሁሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን አይቶ ይደነቃል፤ ሆኖም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር ሊዋጋ በአሮጌ ሜዳ የወረደው የእርሳቸው የእግር ወታደር ባሩዱን በምን ይዞ፣ በምን ለክቶ እንደነበር የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። በዚያ ቀን የእንግሊዝ ወታደር በእጁ የነበረው ከኋላው የሚጎርሰው ስናይደር፣ አባቶቻችን በኋላ «ስናድር» ያሉት፣ ባሩዱን፣ እርሳሱንና ማቀጣጠያውን በአንድ ቀልሃ አጣምሮ የያዘ ነበር። ባለ ስናይደሩ በደቂቃ አሥር ያህል ጊዜ መተኮስ ሲችል ከአፈሙዙ የሚያጎርሰው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ቀልሃ ማለት እኮ ይኸው የመቃ ቀሰም ከነሐስ ተሠርቶ ጥይቱ አፉ ላይ የተሰካበት ማለት ነው። በቤታችን ግድግዳ ላይ ከጠፍሩ አጠገብ የተሰቀለውን የአያቴን የውጅግራ ጠመንጃ ዝናር ሳይ፣ ልጅ አባቱን እንደሚመስል ይመስለኛል።

ስህተቱ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም ያልኩበትን ዋና ምክንያት አሁን ልናገር። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ መቶ ዓመት አልፎትም ኃይሉን አያጣም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በቤታችን ቡና እየተፈላ ሳለ የእህቴ ልጅ ከጠፍሩ አንዱን ቀሰም ነቅሎ፣ ውታፉን በቢላዋ ፈልቅቆ፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት «ያረጀ ዕጣን» ነው ብሎ በማጨሻው ፍም ላይ አፈሰሰው። ከቅጽበት በማይበልጥ ጊዜ ነበልባሉ ፊቱ ላይ ደረሰ፤ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነደደ፣ የቀኝ እጁ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ፣ ዓይኑ የተረፈው በአላህ ፈቃድ ነው። እኛም እስከዚያ ቀን ድረስ ቀሰሞቹ ባዶ ናቸው ብለን እናምን ነበር። «የክታብ መያዣ» የሚለውን ያነበበ ሰው ውስጡ ምን ተጽፎ ይሆን ብሎ፣ ምሽት ላይ፣ ምናልባትም በሻማ ብርሃን፣ ቢከፍተው ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቡት።

እግረ መንገዴን ስለ ሠርግ ተኩስም አንድ ነገር ልበል። በሠርግ ላይ የአያቱን ጠመንጃ ለማስጮህ ብሎ የዘመኑን ጥይት ፈትቶ ባሩዱን በአሮጌው ብረት ውስጥ የሚያደርግ ሰው አለ። ጭስ አልባው የዛሬ ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ያ ብረት ሊችለው ከሚችለው እጅግ ይበልጣልና ብረቱ በተኳሹ ፊት ይፈነዳል። አደንም ቢሆን በሕግ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት በቦረና ሳይንት ድኩላ ላይ የሚወጣ ሰው ለማፍራት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው መግለጫው በሚቀጥለው እትም እንዲታረም ነው። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎችም እንዲህ ያለ ጠፍር ሲያጋጥማቸው «አንድ ጠፍር ከነቀሰሞቹ» ብለው መዝግበው ባይተዉትና የቀሰሞቹን ብዛት፣ የእያንዳንዱን ጥልቀትና የአፉን ስፋት፣ የተሠራበትን ነገርና አብሮት የተገኘውን ጠመንጃ ቢጽፉ መልካም ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደረሰበት ዝርፊያ ምን ያህል ነገር እንደታጣ የምናውቅ ሰዎች፣ ልኩ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ዕቃ ቢጠፋ ነገ በገበያ ቢገኝ እንኳ ለይቶ ማስመለስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አይተናል። የእኛን ጠፍር ልክ በአንድ ገጽ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ባለሙያም ቤታችን ክፍት ነው።

የፎቶግራፉን ባለቤት አድራሻ የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ እርማቱ እስኪታተም ሳትጠብቁ አንድ ነገር እንድታደርሱልኝ እለምናለሁ። በፎቶው ላይ ከግራ አራተኛው ቀሰም ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ በውታፉ ዙሪያ ያለው ሰም አልተነካም። ሙሉ ሊሆን ይችላልና እንዳይከፍቱት፣ ከምድጃና ከማጨሻ አርቀው በቀዝቃዛ ቦታ እንዲያኖሩት፣ ልጆችም እንዳይደርሱበት፣ ለፖሊስና ለባህል ጽሕፈት ቤቱም እንዲያሳውቁ ንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ደሴ፣ ከጦሳ ሥር