«ደኅና ነኝ» ያልሁበት ዕዳ

ሰኔ 2017 ዓ.ም
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበታችሁ? እማዬ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ዝናቡ ጣለ? በቆሎው ተዘራ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ለእማዬ እያነበብህላት ከሆነ እዚህ ላይ አቁም። ሰላምታዋን ሰምታለች፣ ይበቃታል። የቀረውን ብቻህን አንብበው። ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራ ስላለን ነው በሰው እጅ የላክሁት። ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም። ሳልናገር እንኳ ስንት ተወርቷል።

ወሬው እኔ ጋ የደረሰው በፋሲካ ሰሞን ነው። «መኪና ገጭቶት ሁለት ሚሊዮን ዶላር ተቆጠረለት» ተብሎ ጅጋ ገበያ ላይ ተወርቷል አሉ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር መልእክቱ ይጎርፋል። አንዱ ባጃጅ ይላል። አንዱ ወፍጮ እንትከል ይላል። የደብሩ ኮሚቴ የጣሪያ ቆርቆሮ ይላል። ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ አይቼው የማላውቅ ልጅ «እግዚአብሔር ሲሰጥህ እኛን እንዳትረሳ» ብሎ ጻፈልኝ። የተሰጠኝስ ብረት ነው። ግራ ጭኔ ውስጥ አለ።

መገጨቴ እውነት ነው። ደብቄያችሁ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ጥቅምት 2016 ላይ ነው። የሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ ከፓርኪንጉ ወጣሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ይሆናል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆንልኝ ገባሁ። አንድ ፒክአፕ ቀዩን ጥሶ ከግራ መጣና የእኔን በር ይዞት ገባ። ድምፁን አላስታውስም። የማስታውሰው እማዬ የላከችውን ዳቦ ቆሎ ነው። ፌስታሉ ተቀድዶ እላዬ ላይ ተበትኗል። የመስታወቱ ስብርባሪም አብሮ ተበትኗል። የቱ መስታወት፣ የቱ ዳቦ ቆሎ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አምቡላንሱ እስኪመጣ በጣቴ እየለቀምሁ ስለይ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የጭኔ አጥንት ተሰበረ፣ ዳሌዬ ተሰነጠቀ። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆንሁ። ሰባት ወር ሥራ አልገባሁም። ያኔ የምልከው ገንዘብ ሲቀንስ «ሥራ ቀይሬ ነው» ያልሁህ ውሸት ነበር።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርህ። የገጨኝ ሰውዬ ከመኪናው ወርዶ መጣ። የጣሪያ ሠራተኛ ነው፣ የእኔው ቢጤ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ሳየው አንጀቴ ተላወሰ። «ሶሪ፣ ሶሪ» አልሁት። ለምን እንዳልሁት መቼም አንተ ይገባሃል። እኛ አገር እንቅፋት የመታውን ሰው «እኔን!» እንለዋለን። ድንጋዩን ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ ማለታችን አይደለም። ሰውዬው ግን ለኢንሹራንሱ «እሱ ራሱ ይቅርታ ጠይቆኛል» ብሎ ተናገረ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስልህ። በሌሎች ብዙ ስቴቶች አንተም ጥፋት ካለብህ ያንተ ድርሻ ተቀንሶ የቀረው ይከፈልሃል። ቨርጂኒያ እንደዚያ የለም። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ጥፋት ከተገኘብህ ባዶ እጅህን ትሄዳለህ። ጎረቤታችን ሜሪላንድም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ያቺ «ሶሪ» እግሬን በነፃ ልታስወስደው ነበር። ያዳነኝ ማዶ ያለው የነዳጅ ማደያ ካሜራ ነው። መብራቱ ለእሱ ቀይ እንደነበር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በኋላ የያዝኋት ጠበቃ ፈጥና ባትደርስበት ኖሮ ቪዲዮው ይጠፋ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋቴ ደግሞ «ደኅና ነኝ» ማለቴ ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ናርሷ በየጠዋቱ ትመጣለች። እንዴት አደርህ ስትለኝ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ታዲያ ምን ልበላት? እንዴት አደርህ ላለህ ሰው ሞቼ አደርሁ ይባላል? እሷ ግን የሰማችውን ሁሉ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። እዚህ ደግሞ ሕመምህን ከዐሥር ስንት ትሰጠዋለህ ብለው ይጠይቃሉ። «ሦስት» እል ነበር። አባታችንን በሬ የወጋው ጊዜ ታስታውስ የለም? «ቢላዋውን አሙቁልኝ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልወጣውም። የእሱ ልጅ ሆኜ ዐሥር ማለት ነውር መሰለኝ። ከዓመት በኋላ የኢንሹራንሱ ሰዎች መዝገቡን ገልጠው «በሦስተኛው ቀን ደኅና ነኝ ብሏል፣ ሕመሙም ሦስት ነበር» ብለው መጡ።

በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ከዚያው ከሰውዬው ኢንሹራንስ ነው። ድምፁ ማር ነው። 4,500 ዶላር ዛሬውኑ እንላክልህ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ፈርምልን አለኝ። የቤት ኪራይ ደርሶብኛል፣ 4,500 ደግሞ ትልቅ ብር መሰለኝ። እሺ ልል ስል አጠገቤ ተቀምጦ አጥሚት የሚያጠጣኝ የደምበጫ ልጅ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «ያቺ ወረቀት በዚህ እግር ጉዳይ ሁለተኛ ላልመጣ ብለህ የምትምልባት ናት» አለ። እውነቱን ነው። ብረቱ ቦታውን ለቅቆ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን የመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ፈርሜ ቢሆን ያ ሁሉ በእኔ ኪስ ነበር።

ጠበቃ ያገናኘኝም እሱ ነው። መጀመሪያ አንድ ሳንቲም አልጠየቀችኝም። እዚህ ልማዱ ይህ ነው። ካስከፈሉልህ ሲሶውን ይወስዳሉ፣ ካልሆነላቸው ለድካማቸው አይጠይቁህም። የድሮውን የሲሶ አራሽ አስበው። የእኔ ውል ላይ ክስ ከተከፈተ ድርሻዋ 40 በመቶ ይሆናል የሚልም ነበረበት። ክስ ለመክፈት ደግሞ ከአደጋው ቀን ጀምሮ 2 ዓመት አለህ፣ ካለፈህ አለፈህ። እኛ ሳንከስ በድርድር ጨረስን።

ገና በመጀመሪያው ቀን «ደብተር ግዛ፣ በየቀኑ ያቃተህን ጻፍ» አለችኝ። በአማርኛ ጻፍሁት። «ዛሬ ካልሲዬን ማጥለቅ አቃተኝ።» «ዛሬ ቅዳሴውን በሙሉ ተቀምጬ አስቀደስሁ፣ ሰው አየኝ።» «ዛሬ ደረጃ ላይ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ቀደመችኝ፣ መለስ ብላም ጠበቀችኝ።» ተተርጉሞ ሲቀርብ ከሐኪሞቹ ወረቀት ይልቅ ያ ደብተር ነው የሠራልኝ ትላለች። እኔ ግን ስጽፈው እያፈርሁ ነበር።

አሁን ወደ ሚሊዮኑ እንምጣ። ይህን ለጠየቀህ ሁሉ ንገርልኝ፣ ቁጥሩንም አትደብቅ። እዚህ አገር ዋጋህን የሚቆርጠው የአጥንትህ ስብራት ብቻ አይደለም። የገጨህ ሰው ስንት ኢንሹራንስ አለው ነው ዋናው። ከስቴት ስቴት የሚያመላልስ የጭነት ድርጅት ትልቅ መኪና ቢሆን ሕጉ ቢያንስ 750 ሺህ ዶላር ሽፋን ያስይዘዋል። አውቶቡስ ላይ በሚለጠፈው የጠበቆች ማስታወቂያ ላይ የምታየው ሚሊዮን እንዲህ ካለው ነው የሚመጣው። የእኔ ገጪ የገዛው ትንሿን ነው። በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሿ ለአንድ ሰው 30 ሺህ ነበረች። በፈረንጆቹ ከ2025 ወዲህ 50 ሺህ አድርገዋታል፣ ለእኔ አልደረሰችም። ሰውዬውን ራሱን እንዳልከስ ከመሰላሉና ከመዶሻው በቀር ምንም የለው። ደግነቱ የራሴም ኢንሹራንስ የገጪው ሲያንስ የሚጨምር 30 ሺህ ነበረበት። ድምሩ 60 ሺህ።

ከ60 ሺህው 20 ሺህው የጠበቃዋ ነው። 2,300 ለሰነድ፣ ለትርጉም፣ ለምን ለምን ያወጣችው። 19,400 ለሆስፒታሉና ለሐኪሞቹ፣ ያውም ተለምነው ቀንሰው። 12,500 ደግሞ ያኖሩኝ ልጆች ዕዳ ነው። እቁብተኞቹ ዕጣ ሳይጣል ብሩን ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር፣ ያንን መለስሁ። የተረፈኝ 5,800 ዶላር ነው። ወፍጮው ይኸው። ስድብ እንዳይመስልባቸው እንጂ፣ እግሬን መልሱልኝና ገንዘቡን ውሰዱት ብዬ ብጽፍላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላው የጻፍሁበት ጉዳይ የአክስታችን ልጅ ነው። ኅዳር ላይ ማንኩሳ አጠገብ ከአህያው ጋር አስፋልት ዳር ሲሄድ አይሱዙ እንደገጨው ነግረኸኛል። ባለመኪናው ሽማግሌ ልኳል አሉ። የአህያዋንና የእስካሁኑን የሕክምና ወጪ ልክፈልና እንታረቅ፣ መኪናውን የነዳው ረዳቱ ነው፣ እኔ አላዘዝሁትም ይላል አሉ። ሽማግሌ አትመልሱ። ቂሙ ይውደቅ፣ እንጀራ ቁረሱ። የካሳው ወረቀት ላይ ግን አሁን አይፈርም። ያ ልጅ ገና በምርኩዝ ነው የሚሄደው። እግሩ ስንት እንደጎደለው ማን ያውቃል?

ደብረ ማርቆስ ጥብቅና የሚሠራውን የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ጠይቄዋለሁ። «ረዳቱ ነው የነዳው» ማለት አያድነውም ይላል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081፣ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ለጉዳቱ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው ይላል። መጀመሪያ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ጠይቁ። መኪናው ያለሱ መንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። ያ ጣሪያ አለው፣ ከጣሪያው በላይ የሆነውን ከባለቤቱ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት ቅጂ ያዙ። የመክሰሻው ጊዜ እዚያም 2 ዓመት ነው። አጋጣሚው አስገርሞኛል፣ አገሩ ተለያየ እንጂ ቀጠሮው አንድ ነው። ለሥቃዩ ለብቻው፣ ሕሊናው ለተጎዳበት፣ ሕጉ ከ1,000 ብር አያልፍም። በ1952 ያ ብር ጥማድ በሬ ገዝቶ ይተርፋል። ዛሬ ዶሮ ይግዛ አይግዛ አንተ ታውቃለህ። ስለዚህ በሥቃዩ ላይ አትድከሙ። ማረስ ባለመቻሉ የሚያጣውን አስቆጥሩ።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ወጌሻ ነው ያሰረው ብለኸኛል። የወጌሻው እጅ ጥሩ ነው፣ የእኔን ክንድ በልጅነቴ የጠገነው እሱ አይደል? ወረቀት ግን አይጽፍም። ልጁ ባሕር ዳር ሄዶ ራጅ ይነሳ፣ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ያውጣ። መልእክተኛው 800 ዶላር ይሰጥሃል። 500ው ለዚህ ነው፣ 300ው የእማዬ። ሐኪሙ እንዴት ነህ ሲለው «ተመስገን፣ ተሽሎኛል» እንዳይል አደራ! የት የት እንደሚያመው፣ ማታ እንቅልፍ እንደሚነሳው፣ ቆሞ እርፍ መጨበጥ እንደማይሆንለት አንድ በአንድ ይናገር። ነውር የለውም። ባይሆን አንተ አብረኸው ግባና ዝም ሲል ተናገርለት።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ቆሜ አልውልም፣ የገንዘብ መቀበያዋ ቤት ውስጥ ወንበር ሰጥተውኛል። ብርድ ሲመጣ ብረቱ ቀድሞ ይነግረኛል። ቅዳሴ ያለ መቋሚያ አልቆምም፣ ልጆቹ «መሪጌታ» እያሉ ይስቁብኛል።

እማዬ ከደብዳቤው ርዝመት የተነሳ መጠርጠሯ አይቀርም። ምን ይላል፣ እንዴት ነው ልጄ ብላ አፋጥጣ ትይዝሃለች። ደኅና ነው በላት። እሷ ኢንሹራንስ አይደለችም።

ናፋቂ ወንድምህ