የጃኪ ሮቢንሰን ችሎታ በራሱ ሚዛን ይመዘን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ጃኪ ሮቢንሰን ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሳው፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ በአሜሪካ ከፍተኛ የቤዝቦል ሊጎች ጥቁሮችን ያገደውን አጥር የጣሰበት ዕለት ነው። የዕለቱን ታላቅነት አልክድም፤ ሆኖም ተጫዋቹ በምልክቱ ጥላ ተሸፍኖ፣ ዝናው ከቆዳው ቀለም እንጂ ከችሎታው የመጣ አይደለም የሚሉ ሰዎች ሲበዙ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እስቲ ስሙን ሸፍነን መዝገቡን ብቻ እንመልከት። በ1949 በምት አማካይ (ከመምቻ ሙከራዎቹ የተሳኩት ድርሻ፣ 0.342) እና 37 ቤዝ በመስረቅ (ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ፣ ማለትም የሜዳ ማረፊያ፣ ሮጦ በመድረስ) ከሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግ ቀዳሚ ሆኖ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። በአስር የውድድር ዘመን፣ ወርዋሪው አራት ኳሶችን ከመምቻው ክልል ውጭ ስለወረወረ በነጻ ወደ ቤዝ ያለፈው ከ700 ጊዜ በላይ ሲሆን፣ ኳሱን ሦስት ጊዜ ስቶ ከመምቻ ተራው የወጣው ግን 300 እንኳ አይሞላም፤ ለእኔ ከሁሉ በላይ ዓይኑንና ትዕግሥቱን የሚመሰክረው ይህ ነው። ነጥብ የሚቆጠርበትን የመጨረሻውን ቤዝ፣ ሆም ቤዝን፣ 19 ጊዜ ሰርቋል። በዚያ ላይ በከፍተኛ ሊጎች መጫወት የጀመረው በ28 ዓመቱ ነው፤ አጥሩ የወሰደበትን የወጣትነት ዘመን ማንም በቁጥር ሊመልስለት አይችልም።

ምልክትነቱ ችሎታውን አጋንኖታል ለሚሉ አንድ ነገር ላስታውስ። በ1962 ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ሲገባ በተሰቀለለት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የሜዳ ሥራው ብቻ ነበር፤ የዘር አጥሩን ማፍረሱን የሚጠቅስ ሰሌዳ የተተካው በ2008 ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት ዓምድ አንባቢ